አሳው ጣፋጭ፣ ክፍያው ወሬኛ

ከምግቡ ልጀምር። ቅሬታዬ ኋላ ይደርሳል፤ ምግቡ ግን በደል የለበትም።

ቤቱ ባሕር ዳር ውስጥ ጣና ዳር ካሉት አሳ ቤቶች አንዱ ነው። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ ጨዋ ናቸው፤ በእኔ ጣጣ እንጀራቸው እንዲነካ አልፈልግም። ወደ ውሃው ያዘነበለ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከሥሩ ስድስት ጠረጴዛ። የዋርካው ሥር መሬቱን ስላነሳው ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ይንገዳገዳሉ። ሾርባ ያዘዘ ሰው በአንድ እጁ ጠረጴዛውን ይዞ ነው የሚጠጣው። ክረምት ላይ ሐይቁ ደፍርሶ ማኪያቶ ይመስላል። ፔሊካኖቹ አሳ የሚበለትበት ድንጋይ አጠገብ ተሰልፈው ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ካልተሰጣቸው አይሄዱም፤ ልክ እንደ አበዳሪ።

ለብለብ ነው ያዘዝኩት። ለብለብ የሚሉትን ብዙ ቤት አድርቀው ያመጡታል፤ ቆርፋዳ ጥብስ ሆኖ ይቀርባል። እዚህ ግን ስሙን ያከብራሉ። ቆረሶው ለስላሳ ነው፤ ሽንኩርቱ አልጠቆረም፤ ቃሪያው አረንጓዴነቱን አልለቀቀም። ከሁሉ በላይ አጥንቱን ለቅመው ነው የሚያመጡት። በእኔ ዕድሜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ዳጣው ያስለቅሳል፤ ሎሚው በልግስና ይመጣል። ሾርባው ትንሽ ጨው በዝቶበታል። አምባዛ አይሠሩም፤ ስለዚህ ቅርፊት የሌለው አሳ የማይበላ ሰው ድስቱን መጠርጠር የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ የቤት ምስጢር መናገሬ ግድ ነው። የሄድኩት ነሐሴ ውስጥ፣ ፍልሰታ አጋማሽ ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነበር። አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ባሕር ዳር ላይ ከሐይቁ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስለኛል። እኔ ከሚበሉት ወገን ነኝ። ባለቤቴ ከማይበሉት ናት። ከሠላሳ ዓመት በላይ በሰላም የኖርነው እኔ ውጭ እየበላሁ፣ እሷ እያወቀች እንዳላወቀች እየሆነች ነው። ውሸት አልነበረም። መከባበር ነበር።

ሒሳቡ መጣ። 780 ብር። ለብለብ 480፣ ሾርባ 180፣ ሁለት አምቦ ውሃ 120። ለባሕር ዳር ዋጋ ውድ ነው፣ ለዚያ አሳ ግን ይገባዋል። ከኪሴ አራት ሁለት መቶ ብር አወጣሁ። አስተናጋጁ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ ካሽ አንቀበልም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ዝርዝር አስቸገረን። መልስ ፍለጋ ስንዞር እየዋልን ነው።» ወደ ጠረጴዛው ጠቆመኝ። በላስቲክ የተለበጠ ወረቀት ተለጥፏል፤ የአምስት ባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ የቴሌብር ቁጥር፣ አንድ ኪውአር ኮድ።

ብሩን አየሁት። የብሔራዊ ባንክ ገዥ የፈረመበት ሐምራዊ ወረቀት ነው። ሁለት መቶ ብር በ2013 መስከረም ላይ ከአዲሶቹ ኖቶች ጋር ስትወጣ፣ በመሥሪያ ቤታችን ካዝና መጀመሪያ ያስገባኋት እኔ ነኝ። አዎ፣ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። 27 ዓመት ብር ቆጥሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ብር ሲመለስብኝ ሰው ራሴን እንደመለሰኝ ይሰማኛል። ይህ የእኔ ችግር እንደሆነ አውቃለሁ።

እሺ፣ እንግዲህ ዘመኑ ነው ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ከባንኬ ወደ ባንካቸው ላክሁ። ኔትወርኩ ስለተንቀራፈፈ የመተግበሪያው ደረሰኝ አልከፈትም አለ። «ሜሴጁም ይበቃል ጋሼ» አለኝ። ሜሴጁን ከፍቼ አሳየሁት። ልጁ የራሱን ስልክ አውጥቶ ቀጭ! ፎቶ አነሳው።

ባንክ የሚልከውን ሜሴጅ ታውቁታላችሁ። የላክኸው ይህን ያህል ነው ይላል። ቀጥሎ ለማን። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ቀሪ ሒሳብህ ይህን ያህል ነው ይላል። የጡረታዬ ቀሪ፣ ከልጄ የመጣው፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ባለቤቴ እንኳ የማታውቀውን ቁጥር አንድ የሃያ ዓመት ልጅ በስልኩ ይዞት ሄደ።

አላበቃም። ፎቶውን የቤቱ ሠራተኞች ያሉበት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው። ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ደግሞ የገባውን ከቤቱ ሒሳብ ጋር ታመሳክራለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር መጮህ ነበረባት። ስሜን፣ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ልክ እንደ ምርጫ ጣቢያ ጠራችና «ሰባት መቶ ሰማንያ ገብቷል! የለብለቡ!» አለች።

አያቴን ጭምር! ካረፉ ሃምሳ ዓመት የሆናቸውን ሰው በጾም አሳ አስበላቻቸው።

መጠለያው ሥር ዝናብ ለማሳለፍ የቆሙ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የባለቤቴ ማኅበርተኛ ናት። ፈገግ ብላ ጎንበስ አለችልኝ። እኔም ጎንበስ አልኩ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሽሮዋን እያማሰለች፣ ዞራ ሳታየኝ፣ «አሳው እንዴት ነበር?» አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም። እሱ ነው የከበደኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ሥራ አስኪያጇን አነጋገርኳት። ወጣት ናት፤ አስቀመጠችኝ፤ ሻይ አዘዘችልኝ። የሷም ብሶት አለ። ሰዉ ሐሰተኛ ስክሪንሾት እያሳየ በልቶ ይሄዳል አለችኝ። ፎቶ ያልተነሳበትን ሒሳብ ልጆቹ ከደመወዛቸው ይከፍሉታል አለች። ይህን ስሰማ አስተናጋጁን ይቅር አልኩት። ፎቶዎቹ መቼ ይጠፋሉ ስላት ግን ዝም አለች። ጥያቄው ራሱ መጥቶባት የሚያውቅ አይመስለኝም። አንዱ አስተናጋጅ ከወጣ በኋላ እንኳ ከግሩፑ አልተሰረዘም። የስንት የባሕር ዳር ሰው ቀሪ ሒሳብ በዚያ ስልክ ላይ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ፍሬ ነገሩ ለአሳ ቤትም ይገባል። የሰው መረጃ ስትወስድ ለምን እንደሆነ ንገረው፣ ለዚያ ብቻ ተጠቀምበት፣ ጉዳዩ ሲያልቅ አታከማቸው። ለሥራ አስኪያጇ ይህንኑ ነገርኳት። «እሱ ለባንኮች መስሎኝ» አለች። ባንኮቹም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም። መጋቢት 2016 ላይ በአንድ ትልቅ ባንክ ሲስተም ብልሽት የሌላቸውን ብር አውጥተው ያልመለሱ ሰዎች ስማቸው ከነፎቷቸው ሲለጠፍ አይተናል። ብሩን መመለስ ነበረባቸው፣ አልከራከርም። ግን ያን ቀን ነው ባንክ ቤት የሰጠሁት ጉርድ ፎቶ ትዝ ያለኝ።

ድሮ ሁሉ ነገር ምስጢር ነበር ብዬ አላሞኛችሁም። ደመወዝ በጥሬ ብር በምንከፍልበት ጊዜ ሰው ፔሮል ላይ ሲፈርም ከላይም ከታችም ያለውን ሰው ደመወዝ ያነብ ነበር። እስክሪብቶውን ይዞ እያመነታ፣ ዓይኑ ግን ሌላው መስመር ላይ። በዚህ ሰበብ ስንት ጸብ አይቻለሁ። ኋላ አንድ የፓስታ ካርቶን ቆርጬ መሐሉን በምላጭ ቀደድኩት። አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ መስኮት ሆነች። ፔሮሉ ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ፈራሚው የራሱን ብቻ ያያል። ዋጋዋ ዜሮ ነበር። ጸቡ ቆመ።

በቴክኖሎጂው ላይ ጥላቻ የለኝም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ከወጣ ወዲህ ለእህቴ ወደ ዘጌ ብር ለመላክ ጀልባ የሚሳፈር ሰው መለመን ቀርቶልኛል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦብን በነበረ ጊዜም ኮከብ 127 መሰላል እየደወልን ስንቱን ተወጥተናል። የባጃጅ ሾፌሮቹ ነዳጅ የሚቀዱት በዚሁ በስልክ ክፍያ ነው፤ የትኛው ማደያ፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ይመዘገባል። አዲስ አበባ ያለ ኮምፒውተር የቆረሶ ፍቅሬን ቢያውቅ ግን እምብዛም አልጨነቅም። ኮምፒውተሩ ማኅበር አይጠጣም። እኔን ያስጨነቀኝ እዚሁ የሚያውቀኝ ሰው ነው።

መስከረም ላይ ሦስተኛ ጊዜ ሄድኩ። ጾሙ አልፏል፤ በኩራት ነው የገባሁት። በዚህኛው ካርድ ይዤ ነበር። ባንኮኒው ሥር አቧራ የጠጣ ፖስ ማሽን እንዳላቸው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለምን ለሰው አትነግሩም ስላቸው «ማንም አይጠይቅም» አሉ። ልጁ ማሽኑን አመጣ፤ የሚስጥር ቁጥሬን ስነካ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ከቤቱ ይዞት የመጣ ሥርዓት ነው። የወጣችው ወረቀት ላይ የካርድ ቁጥሬ በኮከብ ተሸፍኖ መጨረሻው ብቻ ይታያል። ቀሪ ሒሳብ የለ፣ ፎቶ የለ፣ አያት የለ። ስለዚህ ካርድ ያላችሁ ካርድ በሉ። ማሽኑ አንዳንዴ ኔትወርክ አጣሁ ይላል፤ ትንሽ ታገሱት። ካርድ የሌላችሁ ሜሴጁን ስታሳዩ ቀሪ ሒሳቡን በአውራ ጣታችሁ ሸፍኑት። አስተናጋጁ አይቀየምም፤ ሞክሬዋለሁ።

ቲፕ በካሽ ይቀበላሉ። ካሽ የማይቀበለው ቤት! ሃምሳ ብር ጠቅልዬ ስሰጠው ልጁ ዝርዝር ቸገረን አላለም።

ለምግቡ ከአሥር ዘጠኝ ሰጥቻለሁ፤ አንዷን የቀነስኩት በሾርባው ጨው ነው። ለመስተንግዶው ስምንት። ለክፍያው አራት፣ እሱም ፊቱን ባዞረው ልጅ ምክንያት። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሂዱ፤ ከስድስት በኋላ ከየካምፓሱ የሚመጣው ሰው ይሞላዋል። ከውሃው በኩል ያለችውን ጠረጴዛ ያዙ።

ያን ቀን ስወጣ ለሥራ አስኪያጇ አንድ ነገር ሰጠኋት። ቤት ቁጭ ብዬ በስልክ ልክ የቆረጥኳት ካርቶን ናት፤ የተላከውን ብርና የማረጋገጫ ቁጥሩን ብቻ የምታሳይ መስኮት አላት። ሳቀች፤ አመሰገነችኝ፤ «ለሁሉም ጠረጴዛ እናሠራለን ጋሼ» አለችኝ።

ባለፈው ሳምንት ከባለቤቴ ጋር ሄድን። እሷም ለብለቡን ወደደችው። ከውሃው በኩል ያለችው ጠረጴዛ እንደ ድሮዋ አትንገዳገድም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ካርቶኔ አራት ላይ ታጥፋ እግሯ ሥር ገብታለች።