ለድመት ጥርስ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ

ድመቴ ሚጡ ምግቧ ጋ ትሄድና አሽትታ ትመለሳለች፣ ከበላችም አንገቷን ወደ አንድ ጎን ጠመም አርጋ ነው፣ ለሃጯ ይንጠባጠባል፣ የአፏ ሽታማ አይነሳ። አጥንት ወግቷት ይሆናል ብዬ ሳምንት ሙሉ ዝም አልኩ፣ ድመት ደሞ ህመሟን ትደብቃለች።

መጀመሪያ እዚሁ ኮምቦልቻ አንዱ የእንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኳት፣ ስሙ ይቅር። አፏን እንኳን በደንብ ሳይከፍት "ወግተናት እንነቅለዋለን፣ አምስት ደቂቃ ነው" አለኝ። ስንት ኪሎ ናት የለ፣ መቼ በላች የለ። ማደንዘዣ በኪሎ ተሰልቶ እንደሚሰጥ እኔም አውቃለሁ፣ ይቺ ሶስት ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት በግምት ልትወጋ ነው እንዴ? ካርቶኗን አቅፌ ወጣሁ። ሰፈር ስደርስ ደሞ ጎረቤቴ እስከዛው ግማሽ ፓራሲታሞል ስጫት አለችኝ፣ ኧረ በአላህ እንዳትሰጡ፣ ፓራሲታሞል ድመት ይገላል።

ከዛ በሰው በሰው የደሴውን አገኘሁ። ዶክተሩ መጀመሪያ ያደረገው ከነካርቶኗ ሚዛን ላይ አስቀምጦ አወጣትና ካርቶኑን ለብቻው መዘነ፣ 2.8 ኪሎ። ከንፈሯን በአውራ ጣቱ ገለጥ አርጎ የኋላ ጥርሷን አሳየኝ፣ ድዱ ቀልቶ ጥርሱ ላይ ወጥቶበታል፣ በቀጭን ብረት ነካ ሲያረገው መንጋጋዋ ተንቀጠቀጠ፣ እኔን ነው ያመመኝ። እንደ ሰው የተቦረቦረ ጥርስ አይደለም አለኝ፣ የራሷ ሰውነት ነው ጥርሱን ከሥሩ እየበላ የሚጨርሰው፣ ድመት ላይ ብዙ ያጋጥማል፣ ቢሞላም አይድንም መነቀል ነው። ቀጥሎ ያለውም ተነካክቷል። የወደድኩለት ግን "የጥርስ ራጅ የለኝም፣ ሥሩ ተሰብሮ ውስጥ ሊቀር ይችላል፣ ይሄን አውቀሽ ወስኚ" ማለቱ ነው። የማይችለውን የሚነግር ሐኪም አምናለሁ።

ለሚነቀልበት ቀን ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምግብ እንዳትሰጪያት ብሎኛል፣ ማደንዘዣው ስለሚያስመልስ። ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ በረሃብ ስትጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል፣ ረዳቱ "ህፃን ነው?" ሁላ አለኝ። ቀጠሮዬ 3 ሰዓት ነበር፣ የገባችው 6 ሰዓት ላይ ነው፣ ይሄ በጣም አናዶኛል፣ መጠበቂያው ጠባብ፣ በጎች አጠገቧ እየጮሁ እሷ ካርቶኑን ልትቀደው።

ስትደነዝዝ አይኗ ፍጥጥ እንዳለ ነው የሚቀረው፣ የሞተች መስሎኝ ነበር፣ ዶክተሩ "አብሽሪ" ብሎ እንዳይደርቅ ቅባት አደረገላት። ሁለት ጥርስ ወጣ፣ አንዱ ሁለት ሥር ስላለው ለሁለት ሰንጥቆ ነው ያወጣው። ሰውነቷ ይቀዘቅዛል፣ የደሴ ብርድ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልቼ በጨርቅ ሸፍኜ ጎኗ አስቀመጥኩላት። ማታ ላይ ራሱ ደውሎ ነቃች ወይ አለኝ። ምን ላብላት የሚለውን ግን በወረቀት ቢሰጡ ጥሩ ነበር፣ ስልኬ ላይ ቀድቼው ነው የዳንኩት።

ሂሳቡ ሁለት ዶሮ ይገዛል፣ እማዬ እስካሁን አልነገርኳትም። ሚጡ ጥርሷ ከተነቀለ አስር ቀኗ ነው፣ ትናንት ከጎረቤት ሥጋ ሰርቃ ሮጣለች፣ አንገቷም ቀጥ ብሏል።

የምትሄዱ ካላችሁ ሰኞ አትሂዱ፣ የገበያ ቀን ስለሆነ ከገጠር የመጣው በግ ሁላ እዛ ነው።