ኮምቦልቻ መንገድ ዳር ያለው ችግኝ መሸጫ

ደሴ ላላችሁ ቀጥታ ልናገር፣ ፓፓያውን ተዉት፣ ሻጩ "የትም ይበቅላል" ይላል ግን ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት ብርዱ አያሳድገውም፣ ኮምቦልቻ ወይ መርሳ ግቢ ያለው ይግዛ፣ እሱም ካላበበ ወንድ ይሁን ሴት ስለማይለይ ሁለት ሶስት አድርጎ መትከል ነው። ዳማከሴው ግን ወላሂ አንደኛ! ቅጠሉን ስታሹት ሽታው ጣት ላይ ይቀራል፣ ምች ሲመታን ጨምቀን በቡና ነው የምንጠጣው (ትኩሳቱ አልበርድ ካለ ግን ጤና ጣቢያ ሂዱ)። ጤና አዳሙም ለቡና አሪፍ ነው፣ እርጉዝ ካለች ግን ይቅርባት። በሶብላው ለበርበሬ ይሆናል፣ ደህና ነው። የችግኙ ፕላስቲክ ስስ ስለሆነ ባጃጅ ላይ ተቀዶ አፈሩ ይዘረገፋል፣ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ዋጋ ላይ ተከራከሩ፣ ይቀንሳሉ።