ለሪካቻን የገዛናት ትንሿ ኢታባግ፦ ከስምንት ወር በኋላ

የምንኖረው በቶክዮ ካትሱሺካ ወረዳ ነው። ይህ ወረዳ በርካታ ኢትዮጵያውያን ተሰባስበው የሚኖሩበት ሲሆን፣ ሪካቻን የተባለችውን አሻንጉሊት የሚያመርተው የታካራ ቶሚ ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ታቴይሺ በሚባለው ሰፈር ይገኛል። ሪካቻን እ.ኤ.አ. በ1967 ለገበያ ከቀረበች ጀምሮ የጃፓን ልጆች ትውልድ በትውልድ ላይ ተጫውተውባታል። ቤታችንም የገባችው ልጄ ገና ፊደል ስትቆጥር ነበር። አሁን ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አሻንጉሊቷን በማልበስ ብቻ አትረካም፣ እርሷ የምትወደውን ሪካቻንም እንድትወድላት ትፈልጋለች። ባለፈው የካቲት ከአንድ የእጅ ሥራ ዕቃ መደብር ለአሻንጉሊት የተሠራች ያልተጌጠች ኢታባግ፣ ማለትም የሚወዱት ሰው ወይም ገጸ ባሕርይ ሥዕል የሚደረደርባት ቦርሳ፣ በ1,980 የን የገዛነው ለዚህ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ኦሺ ማለት አንድ ሰው ከሁሉ አስበልጦ የሚደግፈው ዘፋኝ ወይም የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ገጸ ባሕርይ ነው። ለኦሺ ተብሎ የሚደረገው ሁሉ፣ ኮንሰርት መሄዱም ሆነ ባጅ (የኦሺው ሥዕል ያለበት፣ በመርፌ የሚሰካ ክብ ጌጥ) መሰብሰቡ፣ ኦሺካትሱ ይባላል፤ ቃሉ በ2021 በጃፓን ከዓመቱ መነጋገሪያ ቃላት እጩዎች አንዱ ነበር። ኢታባግ ደግሞ ፊቷ ላይ ብርሃን አሳላፊ መስኮት ያላት፣ በመስኮቱ ውስጥ የአንድ ኦሺ ባጆች ጥቅጥቅ ብለው የሚደረደሩባት ቦርሳ ናት። ስሟ «ኢታይ»፣ ማለትም «ያማል» ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ ለዓይን እስኪያም ድረስ ያጌጠች ለማለት ነው።

የእኛዋ ከጥቁር ሰው ሠራሽ ቆዳ የተሰፋች፣ ወርዷ 5.5 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ የልብ ቅርጽ ያለው መስኮት፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ዚፕ፣ ሐምራዊ ማንገቻ፣ እንዲሁም ባጆቹ የሚሰኩበት የፌልት ጨርቅ ያላት ናት። ሻጩ ልኬቷ 1፡6 ነው፣ ማለትም ከእውነተኛው ቦርሳ በስድስት እጥፍ ታንሳለች፣ ይላል። ይሁን እንጂ ሪካቻን በአምራቿ ታሪክ መሠረት 142 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም የ11 ዓመት ልጅ ስትሆን የአሻንጉሊቷ ቁመት 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ትክክለኛው ልኬት ወደ 1፡6.5 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም በባጅ ላይ ይታወቃል። በጃፓን በብዛት የሚሸጠው ባጅ 57 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ6 ሲካፈል 9.5፣ በ6.5 ሲካፈል ደግሞ ከ9 ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። ሁለቱንም ሠርተን አነጻጽረን 9 ሚሊ ሜትሩን መረጥን፤ በእርሱ መጠን 11 ባጆች መስኮቱን ክፍተት ሳይተዉ ይሞሉታል።

ባጆቹን የሠራናቸው ፑራባን ከሚባለው፣ ሲሞቅ ከሚኮማተር ፕላስቲክ ነው። አብዛኛው ዕቃ በመቶ የን ከሚሸጥበት መደብር ከነግብሩ በ110 የን ይገኛል። ገጹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ስናሻሸው የእርሳስ ቀለም ይይዛል። ከዚያ 21 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብና በውስጡ የኦሺውን ፊት እንስላለን፣ በመቀስ እንቆርጣለን፣ ተጨማድዶ በተዘረጋ የአሉሚኒየም ፎይል ላይ አድርገን በትንሿ የዳቦ መጥበሻ ኦቭን ውስጥ እናስገባለን። መጀመሪያ እንደ ደረቀ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ልጄ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ትንፋሿን ትይዛለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ራሱን ዘርግቶ ይተኛል፤ ወዲያው አውጥተን በወፍራም መጽሐፍ እንጫነዋለን። ቀለሙ ሲኮማተር ስለሚጠቁር ሐምራዊውን ከምንፈልገው በጣም አሳስተን መቀባት እንዳለብን የተማርነው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ባጆች ካበላሸን በኋላ ነው። ውፍረቱም አስቸግሮን ነበር። 0.3 ሚሊ ሜትር የነበረው ፕላስቲክ ሲኮማተር 1.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍርና ባጁ አዝራር ይመስላል፤ 0.2 ሚሊ ሜትሩ ግን ወደ 1.1 ይደርሳል፣ ይህም ከእውነተኛው ባጅ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ይህችን ቦርሳ የሚገዛ ሰው ቀጭኑን ፑራባን እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ። ለሦስቱ ባጆች 3 ሚሊ ሜትር የሳቲን ጥብጣብ በክር ሸብሽበን ዙሪያቸውን አበባ አደረግንላቸው። ከሁሉ ያማረውም ይኸው ነው።

ከባጆቹ ግማሾቹን በአልትራቫዮሌት መብራት በሚደርቅ ሬዚን፣ ማለትም ሙጫ መሰል ፈሳሽ፣ ሸፈንናቸው። ሬዚኑ እንደ ውሃ ጠብታ ጉብ ብሎ ያብረቀርቃል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ በብዛት ካፈሰሱት ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ስለዚህ ሁለት ስስ ንብርብር ይሻላል። ያልደረቀ ሬዚን ቆዳን ሊያስቆጣና ለዘለቄታው አለርጂ ሊያስከትል ስለሚችል ይህን ክፍል በናይትሪል ጓንት የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ። በስምንት ወር ውስጥ በመስኮት አጠገብ የቆዩት ሁለቱ ትንሽ ወደ ቢጫ አዘንብለዋል፤ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥነው ትርፍ ባጅ ግን እንደ ነበረ ነው።

ስለ ስፌቱ የምለው ብዙ የለም፤ ጠንካራ ነው። ዚፑ በየሳምንቱ ተከፍቶ ተዘግቶ እስካሁን አላስቸገረም። ቦርሳዋ በባጅ ስትሞላ ግን ለሪካቻን ትከሻ ስለምትከብድ አሻንጉሊቷን ያለ ማቆሚያ ማቆም አይቻልም።

ዋናው ቅሬታዬ መስኮቱ ነው። የዝናቡ ወቅት አልፎ የነሐሴ ሙቀት በገባበት ሰሞን ልጄ ባጆቹን ልትቀይር ቦርሳዋን ከፍታ «እማዬ፣ ፊቱ ቀለጠ!» ብላ ጮኸች። ተጠግቼ ሳየው ሬዚን ያልተቀባው የመካከለኛው ባጅ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቋል። በጥፍሬ ቀስ አድርጌ ሳላቅቀው ግማሹ የተሳለው ፊት መስኮቱ ላይ ቀረ፤ የባጁም ገጽ ተልሶ እንደ ተተወ ከረሜላ ሆኖ ነበር። መስኮቱ የተሠራው ፒቪሲ ከሚባል ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። ፒቪሲ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ቅባት መሰል ኬሚካል ቀስ በቀስ እየወጣ ወደሚነካው ዕቃ ይሸጋገራል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ፑራባን ደግሞ ፖሊስታይሪን የሚባል ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ኬሚካል ሲነካው ይለሰልሳል። በእኛ በኩል አምስት ባጆች እንዲህ ተበላሹ፤ ሬዚን የተቀቡት ግን ትንሽ ቢያጣብቁም ሥዕላቸው ከሬዚኑ በታች ስለነበር ተረፈ። ገዢው ባጅ እንደሚሰካባት ታውቆ በምትሸጥ ቦርሳ ላይ፣ ባጅን የሚያበላሽ መስኮት ማድረግ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ቢያንስ ማሳሰቢያ ሊጻፍበት ይገባ ነበር።

መፍትሔው ውድ አልነበረም። ከብስኩት ማሸጊያ ላይ ፒኢቲ የሚባል ጠንካራና ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጬ የልቡን ቅርጽ አወጣሁ፣ አሮጌውን መስኮት በስፌት መፍቻ አውጥቼ አዲሱን በቀጭን መርፌ ሰፋሁት። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ፤ ጠርዙ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ቀድመው በመርፌ ካልተበሱ ፒኢቲው ይሰነጠቃል። የወረቀት መያዣ ከሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ጋርም ሞክሬው ነበር፤ እርሱ አይጣበቅም፣ ግን ትንሽ ስለሚደበዝዝ የባጆቹን ቀለም ይነጥቃል።

ሐምራዊው ማንገቻም በሪካቻን ትከሻ ላይ ስስ የሐምራዊ ጥላ ትቷል። የአሻንጉሊት ቪኒል ቀለምን ወደ ውስጡ ስለሚመጥ በውሃና በሳሙና አይለቅም። አሁን ማንገቻውን ከሥሩ በነጭ ቀጭን ጥጥ ገብረነዋል፤ ማታ ማታም ቦርሳዋ ከትከሻዋ ትወርዳለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ እንደገና እገዛታለሁ ወይ ብባል፣ እገዛታለሁ፤ ነገር ግን ባጅ ሳላስገባባት በፊት በዚያው ቀን መስኮቷን እቀይራለሁ። አዲሱን ከሰፋሁት ሰባት ሳምንት ሆኖታል፤ በየእሑዱ ከፍተን እናያለን፣ እስካሁን አንድም ባጅ አልተጣበቀም። ልጄ አሁን የያዘችው ሥራ ኡቺዋ፣ ማለትም ደጋፊዎች መልእክት ጽፈውበት በኮንሰርት የሚይዙት የእጅ ማራገቢያ ነው። በብዙ የአይዶል (የጃፓን ወጣት ዘፋኞች) ኮንሰርቶች የሚፈቀደው ትልቁ ኡቺዋ 28.5 በ29.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ለሪካቻን 4.4 በ4.6 አድርጋ ቆርጣዋለች። በአንድ ፊቱ በጃፓንኛ፣ በሌላው ፊት በወፍራም ፊደል «እጅህን አውለብልብልን» ብላ ጽፋበታለች። የ«ብ» እግሮች በዚያ መጠን እንዳይጣበቁ ሦስት ጊዜ ደግማ ጽፋዋለች።