ከአዲስ አበባ ወጥቶ ለመመለስ፦ ሲጋል፣ ዩዋን ፕላስ ወይስ ሶንግ ፕላስ?

የኤሌክትሪክ መኪና መሸጫ ስትገቡ ሻጩ ቶሎ የሚጠራላችሁ ቁጥር አለ። ከቻይናው ቢዋይዲ መኪኖች ለሲጋል 405፣ ለዩዋን ፕላስ 510፣ ለሶንግ ፕላስ 605 ኪሎ ሜትር፣ ያውም በአንድ ቻርጅ። ሻጩ አልዋሸም። ቁጥሩ የወጣው ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው፤ የዚያ ፈተና አማካይ ፍጥነት ግን በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመገናኛ ቦሌ ለሚመላለስ ሰው ይስማማዋል። በአዳማ የፍጥነት መንገድ 110 ለሚነዳ ግን ከተባለው ላይ ሲሶውን ቀንሶ ማሰብ ይሻላል፤ 270፣ 340፣ 405 አድርጋችሁ ያዙት።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ለሚገዛ ሰው ክርክሩ ከቤንዚን ወጥቶ በኤሌክትሪኮቹ መካከል ሆኗል። ከተማ ውስጥ ብዙም አያስጨንቅም። ማታ ቤት ይሰካል፤ ፈጣን ቻርጀር ከተፈለገም አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 የከፈተውን ዓይነት ጣቢያ ገብቶ በቴሌብር ከፍሎ መውጣት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ቃሊቲን ወይም ሱሉልታን ካለፉ በኋላ ነው፤ የሕዝብ ቻርጀሮቹ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ላይ ተከማችተዋልና። ስለዚህ ሦስቱን መኪኖች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መንገድ ላይ ምንም ቻርጀር ባይገኝ፣ ካደርኩበት ቤት ሶኬት ሞልቼ እመለሳለሁ?

ከማወዳደሬ በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ስማቸው አንድ ሆኖ ባትሪያቸው የሚለያይ መኪኖች አሉ። ሲጋል በ30 እና በ38.9 ኪሎ ዋት ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን ነው) ይመጣል፤ ዩዋን ፕላስ በ49.9 እና በ60.5፤ ሶንግ ፕላስ በ71.8 እና በ87። እኔ የምናገረው ስለ ትልልቆቹ ነው። ትንሹን ባትሪ በትልቁ ዋጋ የገዛ ሰው አውቃለሁ፣ ጉዳዩን ያወቀው መቂ ላይ ነው።

ሐዋሳን እንውሰድ፣ ወደ 275 ኪሎ ሜትር። ሲጋል ቀላል መኪና ስለሆነ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ቢበላ ነው። መጠባበቂያ 15 በመቶ ካስቀረን 264 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አልደረሰም ማለት ነው። ከ80 ሳያልፉ ቀስ ብለው ከነዱት ይደርሳል፣ ግን ልጆች ጭኖ ባትሪው ወደ መጠባበቂያው ተጠግቶ ሻሸመኔን ማቋረጥ ለማንም አልመኝም። ዩዋን ፕላስ በ100 ኪሎ ሜትር 16 ገደማ ይበላል፤ ሐዋሳ ሲገባ ሩብ ያህል ቀርቶታል። ሶንግ ፕላስ ከበድ ስለሚል 18 ይበላል፣ ግን ሲደርስ ገና ከ40 በመቶ በላይ አለው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ "ሁለቱም ይደርሳሉ፣ እንግዲያው ርካሹን ልግዛ" ይላል። ልዩነቱ የሚታየው በመልሱ ነው። አዲስ አበባ ከሐዋሳ 650 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ ስንሄድ የወረድነውን ስንመለስ እንወጣዋለን። ሰውና ዕቃ ጨምሮ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ ከ5 ተኩል እስከ 6 ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ የሚመልሰው ከዚያ የተወሰነውን ነው። ይህን ሁሉ ደምሬ ሳሰላው ዩዋን ፕላስ በሰላም ለመመለስ ሐዋሳ ላይ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት መሙላት አለበት፤ ሶንግ ፕላስ 29 ይበቃዋል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንጠልጣይ ቻርጀር በተራ ሶኬት 10 አምፔር ቢስብ በሰዓት ባትሪው ውስጥ የሚገባው 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንዱ 20 ሰዓት፣ ለሌላው 14 ተኩል ሰዓት ማለት ነው። ሶንግ ፕላስ ማታ 12 ሰዓት ተሰክቶ ጠዋት ቁርስ ተበልቶ ሲያልቅ ይነሳል። ዩዋን ፕላስ ሁለት ሌሊት ይጠይቃል። ለትልቁ ባትሪ የምትጨምሩት ገንዘብ የሚገዛላችሁ ይህችን አንዲት ሌሊት ነው። ሆቴሉ ግድግዳ ላይ የተገጠመ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ካለው ግን ሒሳቡ ይቀየራል፤ ሁለቱም በአንድ ሌሊት ይጠናቀቃሉና ርካሹን ግዙ።

ሶኬት ሲባል ደግሞ ሶኬት ሁሉ አይደለም። ተንጠልጣዩ ቻርጀር ከመጀመሩ በፊት የመሬት ሽቦ መኖሩን ይፈትሻል፤ ካጣ ቀይ መብራት አብርቶ ዝም ይላል። እኔ ይህን የተማርኩት ሐዋሳ እናቴ ቤት፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሦስተኛው ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። በማግስቱ ኤሌክትሪሻን ጠርተን የመሬት ዘንግ አስቀበርን። ሆቴል ስትደውሉ "ቻርጅ አለ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "አለ" ነው የሚሏችሁ፣ የስልክ መስሏቸው። ስንት ኪሎ ዋት ነው፣ መሬት ሽቦ አለው ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ ለመኪናም ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

አዳማና ቢሾፍቱ ብቻ የሚመላለስ ሰው ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም። አዳማ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲጋል ይበቃዋል፣ በቀረው ብር ሌላ ነገር ይሥራበት።

ደብረ ብርሃን ከአዳማ ትንሽ ይርቃል፣ 130 ኪሎ ሜትር። ከ2,800 ሜትር በላይ ናትና ሌሊቷ ይበርዳል። የቢዋይዲ ባትሪዎች ብረትና ፎስፌት ያለባቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ረጅም ነው፣ መቶ በመቶ ቢሞሉም አይጎዳቸውም፣ ብርድ ላይ ግን ቻርጅ ሲደረጉ ይለግማሉ። እዚያ የሚያድር ሰው እንደደረሰ፣ ባትሪው ሳይቀዘቅዝ ቢሰካ ይሻለዋል።

ባሕር ዳር ሌላ ታሪክ ነው። የጸጥታውን ነገር ለእናንተ ልተወው። በሞጣ በኩል 490 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በደብረ ማርቆስ ዞሮ ከ550 ያልፋል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የዓባይ በረሃ አለ። ከጎሐ ጽዮን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት ነው። ቁልቁለቱ ላይ የባትሪው ቁጥር ሲጨምር ደስ ይላል፤ ደጀን ሲደረስ ደስታው ያልቃል። ከሦስቱ አንዱም ሳይሞላ አይደርስም። ስለዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ፈጣን ቻርጀር መኖሩን በዚያው ሳምንት ከሞላ ሹፌር አፍ ካልሰማችሁ አትነሱ፤ የስልክ ካርታ ላይ የሚታየው ምልክት ዛሬ መብራት መኖሩን አይናገርም።

ፈጣን ቻርጀር ከተገኘ ደግሞ ትልቁ መኪና በጊዜም ይቀድማል። አምራቹ ለሦስቱም ከ30 እስከ 80 በመቶ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚለው። ለሲጋል ግማሽ ሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለሶንግ ፕላስ 240። ይህ ግን ቻርጀሩ የመኪናውን አቅም ሲችል ነው። 60 ኪሎ ዋት ቻርጀር ላይ፣ ወይም ሁለት ገመድ ያለው ቻርጀር ላይ ሌላ መኪና አጠገባችሁ ተሰክቶ ኃይሉን ሲካፈላችሁ፣ የሶንግ ፕላስ ብልጫ ይሟሟል፤ ሲጋል ድሮም ብዙ አይስብምና አይጎዳም።

መሰኪያውን እንዳልረሳ። አገራችን ያሉት መኪኖች አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ጂቢቲ የሚባለውን መሰኪያ ይዘው ነው የሚመጡት። ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የመጣ ሲሲኤስ 2 ይዞ ይመጣል። ተመሳሳይ ቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስ ወይም ፎልክስቫገን አይዲ 4 ሁለቱንም ዓይነት ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ከውጭ አይለይም። ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። የጂቢቲ ፈጣን መሰኪያ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ክብ ነው፣ ለዘገምተኛው ደግሞ ለብቻው ሌላ ቀዳዳ አለው፤ ሲሲኤስ 2 ከላይ ሰባት ትንንሽ፣ ከታች ሁለት ትልልቅ ቀዳዳዎች አንድ ላይ ናቸው። መቀየሪያ ይሸጣል። ነገር ግን ሁለቱ ከቻርጀሩ ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ ስለሚለያይ አንዳንዱ ቻርጀር ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ እምቢ ይላል። ከክፍለ ሀገር መንገድ መሐል ላይ "እምቢ" እንዳትባሉ፣ ገና ካልገዛችሁ ጂቢቲውን ምረጡ።

እኔ የያዝኩት ዩዋን ፕላስ ነው። ሒሳቡን የሠራሁት ከገዛሁ በኋላ ነው እንጂ ሶንግ ፕላስ እወስድ ነበር። እናቴ ግን በምርጫዬ በጣም ደስተኛ ናት፤ ድሮ ቅዳሜ መጥቼ እሑድ ጠዋት ነበር የምነሳው፣ አሁን መኪናው እስኪሞላ ሁለት ሌሊት አድራለሁ። ሐዋሳ ላይ ፈጣን ቻርጀር ሊተከል ነው ሲባል ወሬውን እንድቀይር ትፈልጋለች።