ለበረዶ አገር የተሰፋው የትንሽ ውሻ ጃኬት በሱሉልታ ብርድ ሲፈተሽ

ከእንጦጦ ማዶ ባለችው ሱሉልታ ከጥቅምት ጀምሮ የሚጸናው ብርድ ቀላል አይደለም። አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ስለሆነ፣ ሰማዩ ጠርቶ ባደረ ሌሊት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይነጋል። በመዲናዋ ካለ አንድ የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ የገዛሁት ጃኬት ግን የተሠራው ለእንዲህ ያለው ደረቅ ውርጭ ሳይሆን መሬቱ በበረዶ ለሚሸፈንባቸው አገሮች ነው፤ ላዩ ውኃ የሚያንሸራትት ናይለን፣ ውስጡ ፖላር የሚባለው ወፍራምና ለስላሳ የብርድ ጨርቅ ነው።

ፀጉረ አጭር ለሆነችው ትንሿ ውሻችን እንዲህ ያለ ልብስ ቅንጦት አይደለም። የእንስሳ ገላ ባነሰ ቁጥር ከክብደቱ አንጻር ለአየር የሚጋለጠው ቆዳው ስለሚበዛ ሙቀቱ ቶሎ ያልቃል፤ በዚያ ላይ እግሯ አጭር በመሆኑ ሆዷ ጤዛ ያዘለውን ሣር እየጠረገ ይሄዳል። የዚህ ጃኬት ትልቁ ብልጫም እዚህ ላይ ነው። በገበያው ከማያቸው አብዛኞቹ ጀርባን ብቻ ሲሸፍኑ፣ ይህኛው ደረትንና ፀጉር የሳሳበትን ሆድ ጭምር ይይዛል። በጎኑ የተሰፋው ብርሃን አንጸባራቂ ጥብጣብም በጭጋጋማ ማለዳ ገልባጭ መኪና በሚበዛበት የጎጃም መንገድ ዳር ለሚሄድ ሰው እጅግ ጠቃሚ ነው።

ጉድለቱ ገመድ ማሳለፊያው ላይ ነው። ቀዳዳው ወደ አንገት ተጠግቶ ስለተሠራ የደረት ማሰሪያውን ቀለበት አያወጣም፤ ስለዚህ ሰው ሳይወድ በግድ ገመዱን ከአንገት ማሰሪያ ጋር ያገናኛል። የትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ በቀላሉ የሚጎዳ በመሆኑ ይህን እንደ ትንሽ ነገር ማለፍ አልችልም። ቀዳዳውን በሠፈራችን ልብስ ሰፊ ወደ ትከሻዋ መካከል አስወሰድኩት፤ ጨጎጊት እየተሰገሰገበት አልያዝ ያለውን ቬልክሮም (ተጣባቂ ማያያዣውን) በዘለበት አስቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ያለ ሐሳብ እንጠቀምበታለን።

መጠኑን በመለያው ላይ ባለው ፊደል ብቻ መምረጥ አይገባም። ከአንገት ሥር እስከ ጅራት መነሻ ያለውን የጀርባ ርዝመትና ከፊት እግሮች ኋላ ያለውን የደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ መሄድ ይሻላል፤ ከለበሰም በኋላ በጨርቁና በገላው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት፣ አለዚያ ብብቱን ይልጠዋል።

ጤዛንና ካፊያን በሚገባ ይከላከላል፤ ዶፍ ሲወርድ ግን ውኃው በስፌቱ በኩል ይገባል፤ የራሰ ጃኬት ደግሞ ሙቀትን ስለሚሰርቅ ቤት እንደደረሱ አውልቆ ገላውን በፎጣ ማድረቅ የግድ ነው። አብረውት የሚሸጡትን ጫማዎች አልመክርም። በበረዶ አገር መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው መዳፍ ያቃጥላል፣ በጣቶች መካከልም የበረዶ ጓል ይቋጠራል፤ ስለዚህ እዚያ ጫማው ምክንያት አለው። እኛ ዘንድ በለብታ ውኃ አጥቦ በጣቶቹ መካከል ማድረቅ ይበቃል።

ጃኬቱ ለብርድ እንጂ ለሌላ አደጋ አለመሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ጎህ ሳይቀድ ጅብ ገና ከሜዳው አልራቀም፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾችም በየመንገዱ ስላሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳይከተብ የሚወጣ ውሻ ሊኖር አይገባም። ፀሐይ ከፍ ብላ እስክትሞቅ ባይጠበቅ እንኳ ወገግ እስኪል መታገሥ ተገቢ ነው። ልብሱን ለብሶም ቢሆን የሚንቀጠቀጥ፣ መዳፉን እያነሣ የሚቆም ወይም አልሄድም የሚል ውሻ ወዲያው ወደ ቤት መመለስ አለበት፤ ቡችላና ያረጀ ውሻ ደግሞ ከሁሉ በፊት ይበርደዋል።

ዋጋው ውድ ቢሆንም ሆድ ሸፋኝነቱን አይቼ ለፀጉረ አጭር ትንንሽ ውሾች እንዲገዛ እመክራለሁ፤ ፀጉራቸው ድርብ ለሆነ፣ ማለትም ከላይኛው ፀጉር ሥር ሌላ ጥቅጥቅ ያለ ፀጉር ላላቸው ውሾች ግን አያስፈልግም። ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ስለምትበረታ፣ ለለበሰውም ቢሆን ማለከለክ ሲጀምር ወዲያው ይውለቅለት።