ካምቢዮ ይውረድ ተብሎ በ450 ብር ጎሚኒ ያለቀ ነገር

የምጽፍለት ዕቃ መዳፍ አይሞላም። ሴይከን የሚባለው የጃፓን ጎሚኒ ነው፤ የታችኛው ፍሪሲዮን ፖምፓ ውስጥ ዘይቱን የሚያግተው ላስቲክ። ፖምፓው ፔዳል ሲረገጥ በዘይት ግፊት ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) የሚያላቅቀው ነው። ሶማሌ ተራ 450 ብር ገዛሁት። መኪናዬ የ97 ሞዴል ኮሮላ ማንዋል ናት።

ችግሩ ጠዋት ጠዋት ጀመረ። ሞተር ሳስነሳ አንደኛ ማርሽ እምቢ ይላል፣ የኋላ ማርሽ ደግሞ ግርርር ብሎ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ፔዳሉን ሦስት አራቴ ቶሎ ቶሎ ከረገጥኩት ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ይገባል። አንድ ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «እህቴ፣ የፍሪሲዮን ሸራው አልቋል፤ ካምቢዮ ይወርዳል» አለኝ። የጠራልኝ ዋጋ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነው።

አባቴ ሃያ ምናምን ዓመት ኤንትሬ የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ስነግረው ሳቀ። «ሸራ ያለቀበት መኪና ማርሽ አይከለክልም። ማርሹ ይገባል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ዳገት ላይ አልሄድ ይላል። ያንቺው ፍሪሲዮን እኮ አልላቀቅ ነው ያለው። የፍሪሲዮኑን ዘይት እዪው።»

አየሁት፤ የዘይቱ ዕቃ (የሚሞላው የፍሬን ዘይት ነው) ሊደርቅ ትንሽ ቀርቶታል። ከፔዳሉ በላይ ላይኛው ፖምፓ (ፔዳሉ የሚገፋው) የገባበትን ቦታ ዳበስኩ፣ ምንጣፉንም ገለጥኩ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ የአየር ማጣሪያውን ቤት አንስቼ፣ ካምቢዮው ላይ የታሰረውን የታችኛውን ፖምፓ የአቧራ ጎሚኒ በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ ሳደርገው ጥቁር ዘይት እጄ ላይ ፈሰሰ። በቃ፣ ተገኘ። ሁለቱም ደረቅ ሆነው ፔዳሉ እግር ስር ቀስ እያለ የሚሰምጥ ቢሆን ኖሮ የምጠረጥረው ላይኛውን ነበር፤ እዚያ ዘይቱ በጎሚኒው ጎን ወደ ኋላ ያመልጣል እንጂ ውጭ ጠብ አይልም።

አሁን ወደ ጎሚኒው። እውነቱን ልናገርና ይሄ ሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ስም የሌለው፣ በላስቲክ የታሸገ፣ የ120 ብር ገዝቼ ነበር። 19 ቀን ቆየ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዣቸው ልዩነቱ በጣት ይታወቃል፦ የርካሹን ከንፈር ስጫነው እዚያው ተጨምቆ ይቀራል፣ የጃፓኑ ግን ወዲያው ይመለሳል። ፒስቶኑ ላይ ሲገባም ትንሽ ይታገላል፣ መታገልም አለበት። ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ «ለኮሮላ» ብቻ ብትሉ ሻጩ የመሰለውን ይሰጣችኋል፣ የኮሮላ ፖምፓ ደግሞ ሁሉም አንድ ልክ አይደለም።

መፍታቱ ቀላል ነው። የያዙት ሁለት ባለ 12 ቡሎኖች ናቸው። ቀድሞ መላላት ያለበት ግን የዘይት ቧንቧው ባለ 10 ዳዶ ነው፤ በተራ ቁልፍ ከታገላችሁት ጠርዙ ይላጣል፣ ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ ተዋሱ። ፒስቶኑ ሲወጣ የሲሊንደሩን ውስጥ በጥፍር ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ካለ ጎሚኒ መቀየር ብር መጣል ነው፣ ሙሉ ፖምፓ ግዙ። የእኔ ለስላሳ ነበር። ማጠቢያው አዲስ የፍሬን ዘይት ነው። ቤንዚን እንዳታስነኩት፣ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። የጎሚኒው ከንፈር ዘይቱ ወደሚመጣበት ይዞራል።

አየር ማስወጣቱ ነው ቀኑን የበላው። ከፋርማሲ የግሉኮስ ቱቦ ገዝቼ አንዱን ጫፍ ፖምፓው ላይ ባለችው የአየር ማስተንፈሻ ቡሎን ላይ፣ ሌላውን ዘይት ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ነከርኩ። ፔዳሉ ላይ አባዬ ተቀመጠ። ለአባት «ርገጥ!» ብሎ ማዘዝ አፌ ላይ አልመጣ ስላለኝ «ይርገጡ! ይያዙት! ... ይልቀቁ!» እያልኩ ግቢውን ሞላሁት። በቤታችን አባዬን አንቱ ብዬው አላውቅም፤ እሱም ከመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ «ማነሽ አንቺ ትራፊክ?» ይለኛል። ሲረግጥ ማስተንፈሻዋን አላላለሁ፣ አረፋ ይወጣል፣ አጠብቃለሁ፣ ከዚያ ይለቃል። ሳላጠብቅ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ሁለቴ እንደዚያ ሆነና ከዜሮ ጀመርን። በመሀል ዕቃው እንዳይደርቅ ዶት 3 ዘይት እየጨመርን፣ ቱቦው ውስጥ አረፋ መታየት እስኪያቆም ሄድን።

ስምንት ወር ሆነው። ዕቃው ላይ በማርከር ያሰመርኩት መስመር ላይ ነው ዘይቱ፣ የኋላ ማርሽም ጠዋት ዝም ብሎ ይገባል። ለጎሚኒው አምስት ከአምስት። ለሱቁ ሦስት፤ ብር ሳልከፍል ካርቶኑን አልከፍትም ብሎ ልኩን ያየሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው። ፓራፋንጎዬ ላይ ቀለሙን ያነሳው ጠብታ ግን የራሴ ጥፋት ነው። የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል፤ አባዬ ቶሎ በውሃ አፍሺበት እያለ ነበር፣ እኔ ማርሹን እየሞከርኩ ነበር።