በቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ፈለግ ጎንደርን በአስጎብኚ ማየት

በፋሲል ግቢ በር ላይ የሚገኙት የአካባቢው አስጎብኚዎች የነገሥታቱን ነገር ሲያወጉ ይዋጣላቸዋል። የካቶሊክ ሚሲዮናዊውን የቅዱስ ዮስጢኖስንና ከእሳቸው በፊት የመጡትን ሚሲዮናውያን ታሪክ ፈልጎ ለመጣ ሰው ግን አገልግሎቱ የሚያረካው አስቀድሞ ከተነገራቸው ብቻ ነው።

ዋናው ጉድለት ዘመን መደባለቅ ነው፤ ሁሉም «ፈረንጅ ቄሶች» ተብለው በአንድ ይጠቀለላሉ። ኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ማኅበር የሆኑት «ጀስዊቶች») የነበሩት በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ነው፤ ጎንደር በ1636 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተቆረቆረችው ፋሲለደስ እነሱን ካባረረ በኋላ ነው። ከእነሱ አንዱ የነበረው ፔድሮ ፓኤዝም በ1622 አርፏል፤ ግንቡን እሱ ሠራው ከተባላችሁ አትቀበሉ። ሦስቱ ፍራንሲስካውያን (የሌላ የካቶሊክ ማኅበር መነኮሳት) ብፁዓን፣ ሊቤራቶ ቫይስና ሁለቱ ባልንጀሮቹ፣ በ1716 በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ወቅቱ የአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ንግሥና መጀመሪያ ስለሆነ ይህን ታሪክ ግቢው ውስጥ በዳዊት የመዝሙር አዳራሽ ፊት ቆማችሁ ብትሰሙት ይሻላል።

ቅዱስ ዮስጢኖስ (አቡነ ያዕቆብ) የመጡት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በ1800 ኢጣሊያ፣ ሳን ፌሌ ተወለዱ፤ በ1839 አድዋ ገቡ። ያገሬውን ልብስ ለበሱ፣ ቋንቋውን ተማሩ፣ የግእዙን ሥርዓተ ቅዳሴም ጠበቁ፤ ሁሉም ሚሲዮናውያን ያልተከተሉት መንገድ ስለሆነ አስጎብኚው እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ ቢያስረዳ ያስመሰግነዋል። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር አብረው ተጓዙ፤ በኋላ ካቶሊክ የሆኑት ኢትዮጵያዊው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤልም በዚያው ጉዞ ነበሩ። በዚያ ጉዞ የተገኙት የኦርቶዶክሱ ጳጳስ አቡነ ሰላማ ናቸው በ1854 ጎንደር ላይ ሁለቱንም ያሳሰሯቸው! አቡነ ያዕቆብ ከወራት በኋላ ከአገር ተባረሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በሰንሰለት እንደታሰሩ ነሐሴ 1855 ላይ አረፉ።

ስለዚህ አስጎብኚው ይህን ታሪክ በግንቡ ውስጥ ጀምሮ እዚያው ከጨረሰው ጉብኝቱ ጎዶሎ ነው። ከግቢው በኋላ ወደ አቡን ቤት ሰፈር እንዲወስዳችሁ ጠይቁ፤ የጳጳሱ ሰፈር የነበረው እዚያ ነው። እዚያ ያለው ቤተ ክርስቲያን የኦርቶዶክስ ነውና ቅዳሴ እስኪያልቅ ጠብቁ፤ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ነጠላ ይያዙ።

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብትጀምሩ ግማሽ ቀን ይበቃችኋል። ዋጋ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ፦ ለግቢው ብቻ ነው ወይስ ለከተማውም? በሰው ነው ወይስ በቡድን? ጭቅጭቅ የሚነሳው ከዚህ ነው። የግቢውን ትኬት አትጣሉ፣ ለፋሲል መዋኛም ያገለግላል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን የራሱ መግቢያ አለው።

ዓመተ ምሕረቱንም አጥሩ። መጻሕፍቱ 1854 የሚሉት የእስሩ ወቅት በእኛ 1846 ነው፤ ብዙ አስጎብኚዎች ሁለቱን ያቀላቅላሉ። የአቡነ ያዕቆብን መቃብር እዚህ አትፈልጉ፣ ያለው ኤርትራ፣ ሄቦ ነው።